ውድ ሄድፎን ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲል፣ ዛሬ ዛሬ ብዙ ወጣት የሚመልሰው «ጥሩ ሄድፎን» ብሎ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመድየው ሱቅ ገብቶ ፎቶ እያነሳ ይልካል። ባለ 20 ዶላር አለ። ባለ 100 አለ። ባለ 500 አለ። ሁሉም ሳጥን ላይ «ጥርት ያለ ድምፅ፣ ጥልቅ ባስ» የሚል ተጽፎበታል። የቱ ይሻላል? ባለ 500ው ከባለ 100ው በአምስት እጥፍ ይበልጣል?

አይበልጥም። ያገኘነውን ርካሽ ማንሳትም ግን አያዋጣም። ስለ ድምፅ ዕቃ የሚወራው ነገር ለጆሮ በሚከብዱ ቃላት የተሞላ ነው። ገንዘብ እንዲህ በሚቸግርበት ጊዜ፣ ሰው ባልገባው ቃል ተማርኮ ኪሱን ሲያራግፍ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ እንፍታቸው።

## ሄድፎን ውስጥ ምን አለ?

ከበሮን አስቡ። ቆዳው ሲመታ ይርገበገባል። ሲርገበገብ አየሩን ይገፋል። የተገፋው አየር ጆሯችን ሲደርስ ድምፅ ሆኖ ይሰማናል።

ሄድፎን ውስጥ ያለውም ትንሽዬ ከበሮ ነው። ቆዳው ስስ ፕላስቲክ ነው። ከኋላው የቀጭን ሽቦ ጥቅል ተጣብቆበታል፤ አጠገቡ ማግኔት አለ። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ፣ ጥቅሉ አንዴ ወደ ማግኔቱ ይሳባል፣ አንዴ ይገፋል። ቆዳውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ይህ ክፍል «ድራይቨር» ይባላል። የባለ 5 ዶላሩም የባለ 500ውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ የቆየ ነገር ነው። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ የሠራቸውን ማዳመጫዎች ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሸጠው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው። ጆን ኮስ ለስቴሪዮ ሙዚቃ የሚሆነውን ሄድፎን ገበያ ላይ ያወጣው በ1958 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሻሻል የኖረ ዕቃ ስለሆነ፣ ዛሬ ደህና ድምፅ ያለው ሄድፎን በርካሽ መሥራት ይቻላል። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ዋጋ ስናወራ እንመለስበታለን።

## ሳጥኑ ላይ ያለው «ሄርዝ» ምንድን ነው?

አየሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካው በሄርዝ ነው። ቀስ ብሎ ሲርገበገብ ድምፁ ወፍራም ይሆናል። ሲፈጥን ቀጭን ይሆናል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ከላይ ያለው እየጠፋ ይሄዳል፤ ብዙ ጎልማሳ ከ15,000 ወይም ከ16,000 ሄርዝ በላይ ያለውን አይሰማም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «ከ5 እስከ 40,000 ሄርዝ» የሚል ስታዩ አትደነቁ። ግማሹን የሚሰማው ሰው የለም።

ትልቁ ጥያቄ በመካከል ያለውን በምን ሚዛን ያወጣዋል የሚለው ነው። በገናን እንውሰድ። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ አላቸው። በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ግን እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ ልብ የሚነካው የበገና ንዝረት የሚመጣው ከእነሱ ነው። አንድ አውታር ሲመታ ከታች ወፍራሙ መሠረት፣ ከላይ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ድምፅ አብረው ይወጣሉ። ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ የተጋነነ ሄድፎን መሠረቱን ያሳብጥና ንዝረቱን ይውጠዋል። ባስ የሌለው ሄድፎን ደግሞ ንዝረቱን ብቻ ያስቀርና በገናውን ንብ ያስመስለዋል። በዐቢይ ጾም በገና ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ይህ ሚዛን እንደ ወጥ ቅመም ነው። ሁሉም ነገር ገብቶበት በርበሬው ከበዛ ወጡ ተበላሸ። ባለሙያዎች «ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ» ይሉታል። ሄድፎን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ለማለት ከማንኛውም ነገር በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

## ታዲያ ዋጋ ሲጨምር ሚዛኑም ይሻሻላል?

ብዙ ሰው አዎ ይላል። ልኬቱ ግን እንዲያ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ሄድፎኖችን ለክቶ ውጤቱን በአሜሪካ የድምፅ ሳይንስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። በዋጋና በድምፁ ሚዛን መካከል ዝምድና አላገኘም። ውዱም ርካሹም ውስጥ ጥሩ ነበር፤ ሁለቱም ውስጥ መጥፎ ነበር።

«ጥሩ ሚዛን የሚባለው ለማን ነው?» ልትሉ ትችላላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ሃርማን የተባለው ኩባንያ ውስጥ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ለዓመታት ይህን አጥንተዋል። ሰዎች ምርቱንም ዋጋውንም ሳያውቁ እንዲያዳምጡ አደረጉ። አብዛኛው አድማጭ የወደደው ተቀራራቢ ሚዛን ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ስፒከር የሚያሰማውን ዓይነት፣ ባሱ በመጠኑ ከፍ ያለ ድምፅ ነው። አንዳንዱ ባስ ይጨመርልኝ ይላል፣ አንዳንዱ ይቀነስልኝ። መሠረቱ ግን አንድ ነው። አንድ ጊዜ የሚወደደው ሚዛን ከታወቀ ደግሞ፣ ያን ለማውጣት ወርቅም አልማዝም አያስፈልግም።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ላይ ይሄዳል? ለረጅም ሰዓት የማያሳምም ትራስ ላይ። የማይሰበር ማጠፊያ ላይ። ማይክሮፎን ላይ፣ ባትሪ ላይ፣ ድምፅ ማጥፊያ ላይ። ማስታወቂያና ስም ላይም ይሄዳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እውነተኛ ጥቅም አላቸው። ድምፁን ግን በአምስት እጥፍ አያሻሽሉም።

እኔ ደረጃውን የማየው እንዲህ ነው። በላስቲክ ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ስም የለሽ ኢርፎን ወደ ደህና ባለ 20 ወይም ባለ 30 ዶላር ስትሄዱ ለውጡ ትልቅ ነው፤ እናትዎም ትሰማዋለች። ከዚያ ወደ 100 ዶላር አካባቢ ስትወጡ ሌላ የሚሰማ ደረጃ አለ። ከ300 በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር የሚገዛው እየቀነሰ ይሄዳል። ልዩነቱን ለመስማት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥሩ ቅጂና የለመደ ጆሮ ያስፈልጋል።

የባለሙያዎችን ክፍል ብታዩ ይህን ይነግራችኋል። የሶኒ ኤምዲአር 7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በቀረጻ ስቱዲዮና በብሮድካስት ክፍሎች ሲሠራበት የኖረ ነው። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው። የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ከ1997 ጀምሮ እስካሁን ይሸጣል፤ ዛሬም ብዙዎች መመዘኛ ያደርጉታል። በሌላው ጫፍ ያው ዜንሃይዘር ኤችኢ 1 የሚባል አለው። ማጉያው ከጣሊያን ካራራ እብነ በረድ የተሠራ ነው። ዋጋው ከ50,000 ዶላር ይበልጣል። ያን የሚገዛ ሰው የሚገዛው የጥበብ ሥራ ነው፤ ለእሱ ክፋት የለውም። ለሙዚቃ ሲባል ብቻ ግን ማንም አያስፈልገውም።

## ዘፈኑ ራሱስ?

ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የተበላሸ ቡናን ጥሩ ጀበና አያድነውም። ሄድፎን ቅጂው ላይ የሌለውን ነገር ሊያመጣ አይችልም።

እኛ የምንወዳቸው ብዙ የድሮ ዘፈኖች እጃችን የደረሱት በካሴት ነው። ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ እሱም ከሌላ ካሴት የተቀዳ ነው። ከዚያ አንድ ደግ ሰው ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ ዩቲዩብ ላይ ጫነው። ቀጫጭኑ ድምፅ ገና በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጠፍቷል። በእሱ ፈንታ የካሴቱ «ሽሽሽ» አለ። ውድ ሄድፎን ይዞ እንዲህ ያለ ቅጂ መስማት፣ «ሽሽሽ»ውን አጥርቶ መስማት ነው። የዘፈኑ ፍቅር ያው ይኖራል፤ እኔም እሰማቸዋለሁ። ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት ይህን ከሆነ ግን በደህና ባለ 30 ዶላር ማዳመጫ ምንም አይቀርባችሁም። ከመነሻው ማስተር፣ ማለትም ከስቱዲዮው የመጀመሪያ ቅጂ፣ ታድሶ የወጣ ካገኛችሁ፣ እሱን መግዛት ሄድፎን ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

## ድሮ ጥሩ የነበረው ኢርፎን አሁን ባስ ያጣው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ኢርፎኑ አልተበላሸም። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ባስ የሚሰማው ጎማው የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ሲዘጋ ብቻ ነው። ትንሽ ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ ሾልኮ ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ የመጡትን ትልቅና ትንሽ ጎማዎች ሰው ሳይሞክራቸው ይጥላቸዋል። አትጣሏቸው። ቀኝና ግራ ጆሮ የተለያየ መጠን ሊፈልጉም ይችላሉ።

ጆሮ በሚሸፍነው ዓይነትም ያው ነው። የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ከሥሩ የገባ ሻሽ ወይም ነጠላ በትራሱና በራስ ቅሉ መካከል ክፍተት ይፈጥራል። ባለ 400 ዶላሩ እንደ ባለ 40 የሚሰማው ያኔ ነው።

## ድምፅ ማጥፊያው በእርግጥ ይሠራል?

«ኖይዝ ካንስሌሽን» የሚባለው ነው። ሄድፎኑ ላይ ያለ ማይክሮፎን የውጭውን ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ድራይቨሩ የዚያኑ ተቃራኒ ያወጣል። አንድን በር ሁለት ሰዎች ከሁለት ወገን እኩል ሲገፉት በሩ እንደሚቆም ማለት ነው። አየሩም በሁለት ተቃራኒ ግፊት መካከል ጸጥ ይላል።

የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ሐሳቡን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ሲበር የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ስለዋጠበት ነው። ለአብራሪዎች የሚሆነውን ገበያ ላይ ያወጡት በ1989 ነበር። ጅማሬው አውሮፕላን ውስጥ መሆኑ በምክንያት ነው። ይህ ዘዴ ጎበዝ የሆነው ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። የአውሮፕላን ሞተር፣ የጄኔሬተር ጩኸት፣ የአውቶቡስ ጉርምርምታ። የታክሲ ረዳቱን «መገናኛ! መገናኛ!» ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ቀጭንና ድንገተኛ ድምፅ ስለሚፈጥን ተቃራኒውን ማድረስ ይከብዳል። እሱን የሚቀንሰው ጎማው ወይም ትራሱ ራሱ ነው።

በየቀኑ በአውቶቡስ ለሚመላለስ፣ ወይም ጄኔሬተር አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ነገር ነው። መንገድ ስታቋርጡ ግን አጥፉት። መኪናውንም ነው የሚሰርዝላችሁ።

## ገመድ ያለው ይሻላል ወይስ ብሉቱዝ?

ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑን እንዳለ አያሳልፍም፤ አጣጥፎ ነው የሚልከው። የማጣጠፊያው ዘዴ «ኮዴክ» ይባላል። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። ሁሉም ላይ የሚገኘው ኤስቢሲ የተባለው ኮዴክ 328 አካባቢ ይልካል። የሶኒው ኤልዳክ እስከ 990 ይደርሳል። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን ሻንጣ በደንብ ሲታጠፍ ልብሱ አይበላሽም። ማጣጠፊያው የሚጥለው በአብዛኛው ጆሮ የማይለየውን ነው።

ከሲዲ በላይ የሆነው «ሃይ ሬዝ» የሚሉትስ? እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት አሜሪካውያን፣ ሜየርና ሞራን፣ ሰዎች ከሲዲ የላቀውን ቅጂ በሲዲ ደረጃ ከወረደው እንዲለዩ ጠየቁ። 554 ጊዜ ተሞክሮ ትክክል የሆነው 49.8 በመቶው ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም።

ስለዚህ የእኔ ጭንቀት ከድምፁ ይልቅ ባትሪው ነው። ትንንሾቹ ገመድ አልባዎች ውስጥ ያለው ባትሪ ከጥቂት ዓመት አገልግሎት በኋላ ይደክማል፤ አብዛኛዎቹ ላይ መቀየር አይቻልም። 200 ዶላር ያወጣው ዕቃ ይጣላል። የኤችዲ 600 ገመድ ግን ይነቀላል፣ ትራሱ ይቀየራል፣ መለዋወጫው ይሸጣል። ውድ ዕቃ ገንዘቡን የሚመልሰው እንዲህ ሲሆን ነው። 15 ዓመት የሚያገለግል ባለ 300 ዶላር በየሁለት ዓመቱ ከሚጣል ባለ 80 ይረክሳል።

## «ዳክ»፣ «አምፕ»፣ ባለ ወርቅ ገመድ ያስፈልገኛል?

ዳክ ስልኩ ውስጥ ያለውን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል ነው። አምፕ ያንን የሚያጎላው ነው። ሁለቱም ስልካችሁ ወይም ብሉቱዝ ማዳመጫችሁ ውስጥ አሉ። የስልኩ ቀዳዳ ከቀረ፣ አፕል በ9 ዶላር የሚሸጠው ትንሽዬ መቀየሪያ ገመድ በውስጡ ዳክ አለው። ሲለካም ድምፁ ንጹሕ ነው። ለአብዛኛው ሰው እሱ በቂ ነው።

አምፕ የሚያስፈልገው ሄድፎኑ ከባድ ጭነት ሲሆን ነው። ይህ የሚለካው በኦም ነው፤ እንደ ቧንቧ ጥበት አስቡት። 32 ኦም ሰፊ ቧንቧ ነው፣ ስልክ በቀላሉ ይሞላዋል። ኤችዲ 600 ግን 300 ኦም ነው። በስልክ ብቻ ስትሰሙት ድምፁ ሊያንስባችሁ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁጥር እዩት። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮን የመሰለው ሞዴል በ32ም በ80ም በ250ም ኦም ይሸጣል። መልኩ አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል።

ወርቅ የተቀባ ጫፍ አይዝግም፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ድምፅ አይጨምርም። በመቶ ዶላር የሚሸጥ ገመድ ግን አትግዙ።

## ሱቅ ውስጥ እንዴት ልሞክር?

ጆሯችን ጮክ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል። ሻጩ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ቢያሰማችሁ ከፍ ያለውን ትመርጣላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ከዚያ በልባችሁ የምታውቁትን አንድ ዘፈን ብቻ ተጠቀሙ። ዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ሲል ጆሮ ይወጋል? የመሰንቆው ክር ሲፈተግ ይሰማል ወይስ ባሱ ሸፍኖታል? ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጆሯችሁ ላይ አቆዩት፤ የሚያሳምም ከሆነ ገና ሱቁ ውስጥ ይነግራችኋል።

ቤት ውስጥ ሁለት ካላችሁ ጓደኛችሁ ሳታዩ ይቀያይርላችሁ። አሥር ጊዜ ሞክሩ። አምስቱን ብቻ ካገኛችሁ፣ ጆሯችሁ አልለያቸውም ማለት ነው።

## ስንት ላይ ልስማ?

ስለ ድምፅ ጥራት እንዲህ ስንጨቃጨቅ ጆሮውን እንዳንረሳው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ጸጉር መሰል ሴሎች አሉ። ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ምክንያት የመስማት ችግር እንደሚያሰጋቸው ይናገራል።

የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል። ድርጅቱ ለአዋቂ የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 90 ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ሲሄድ ሲመለስ ጮክ አድርጎ የሚሰማ ሰው ይህን በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ስልካችሁ ላይ ከ60 በመቶ አትለፉ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ ከፍ የምናደርገው ደግሞ ጫጫታውን ለመሸፈን ነው። በደንብ የሚዘጋ ጎማ ወይም ድምፅ ማጥፊያ ካለ ዝቅ ብሎም ይሰማል። ለእነዚህ ሁለቱ ገንዘብ ብታወጡ አልቃወምም።

## ለዘመዴስ ምን ልላክለት?

መጀመሪያ የት እንደምትሰሙበት ጻፉለት፤ ቤት፣ ቢሮ ወይስ ታክሲ። ቀጥሎ የስልካችሁን ዓይነት፤ ቀዳዳ ካለውና ከሌለው የሚገዛው ይለያያል። ከዚያ የዋጋ ጣሪያ። ለአብዛኛው ሰው ከ50 እስከ 120 ዶላር በቂ ነው። ቪዲዮ ወይም ሙዚቃ የሚያቀናብር ከሆነ ገመድ ያለው፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ ትራሱ የሚቀየር ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ትንሽ ስለሚያዘገየው ለዚህ ሥራ አይመችም።

እዚሁ ከገዛችሁ ደግሞ «ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። አስመስለው የተሠሩ ኤርፖድሶች አይፎን ሲቀርቡ ያው ሥዕል ብቅ ይልላቸዋል፤ የሳጥኑ ሴሪያል ቁጥርም ከእውነተኛ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። አይኦኤስ 16 የተባለው የአይፎን ሶፍትዌር ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣው የተጫነበት አይፎን ግን ሲገናኝ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ ያስጠነቅቃል። ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ አገናኙት።